ከእርግጫ በኋላ ወዴት?



የሚራገጥ ሰው እግሩን ባነሳ ቁጥር ለአፍታ በአንድ እግሩ ይቆማል። ቴኳንዶ የሠራችሁ ይህን በሰውነታችሁ ታውቁታላችሁ። ዶልዮ ቻጊ የሚባለውን የዙር እርግጫ ስትሰነዝሩ የቆማችሁበት እግር ይሽከረከራል፣ ወገብ ይከተላል፣ ክብደታችሁ በሙሉ ከጣቶቻችሁ ሥር ባለች ትንሽ ቦታ ላይ ያርፋል። ፊት ለፊታችሁ የቆመው ሰው የውድድሩን ሕግ የሚያከብር ከሆነ ያቺ አፍታ አታስፈራም፤ ወይ ይሸሻል፣ ወይ ይመክታል፣ ወይ መልሶ ይመታል። ሕጉን የማያውቅ ወይም የማይፈልግ ሰው ግን ያነሳችሁትን እግር ጨብጦ ወደ እናንተ ይገባል። በዚያች ቅጽበት ለዓመታት የደከማችሁበት ርቀት ይጠፋል። ደረቱ ደረታችሁን ነክቷል፣ ትንፋሹ ጆሮአችሁ ሥር ነው፣ መሬቱ ወደ ጀርባችሁ እየመጣ ነው። በዚያ ሰዓት የምታውቁት ነገር ምንድን ነው?

ጥቁር ቀበቶ ከታጠቃችሁ በኋላ ብዙዎቻችሁ አንድ ጥያቄ ይዛችሁ ትመጣላችሁ፦ «ማስተር፣ ቀጥሎ ምን ብማር ይሻለኛል?» ጥያቄው መልካም ነው። አንድን ጥበብ ለዓመታት ሠርቶ ሌላውን መመኘት ክህደት አይደለም። ሆኖም ጠያቂው አብዛኛውን ጊዜ መልሱን በልቡ ይዞ ነው የሚመጣው። ኩንግፉ ያምረዋል፣ ኪክ ቦክስ ያምረዋል፣ ካራቴ ያምረዋል። የሚማርኩት ከሚያውቀው ጋር ስለሚመሳሰሉ ነው። በሄደ በሁለተኛው ሳምንት አዲሱ ክፍል ውስጥ ከሁሉም በላይ ከፍ አድርጎ የሚራገጠው እሱ ይሆናል፤ ይወደሳል፤ ደስ ይለዋል። ነገር ግን እግሩን የሚጨብጠው ሰው አሁንም እንደበፊቱ ይጥለዋል።

እኔ የምመክረው ከዚህ የተለየ ነው። አዲስ ጥበብ ስትመርጡ ስሙን፣ ልብሱንና ፊልሙን ተዉትና ሁለት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ ይህ ጥበብ ርቀቴን ይወስድብኛል ወይ? ሁለተኛ፣ ባልንጀራዬ በየዕለቱ ልምምድ በሙሉ ኃይሉ ሊቃወመኝ ይችላል ወይ? የሁለቱም መልስ «አዎ» የሆነበት ቦታ ሂዱ። የቡጢና የእርግጫ ሰው ይህን ሲጠይቅ መልሱ ወደ ትንቅንቅ ጥበቦች ያመራዋል፤ ወደ ጁዶ፣ ወደ ትግል፣ ወደ ጂዩ ጂትሱ።

ሁለተኛው ጥያቄ ከየት እንደመጣ ላስረዳ፤ የነገሩ ሥር ያለው እዚያ ነውና። ጂጎሮ ካኖ የተባለው ጃፓናዊ ሰውነቱ አነስተኛ፣ በወጣትነቱ ጉልበተኞች የሚያጠቁት ልጅ ነበር። የጥንቱን ጁጁትሱ ከሁለት የተለያዩ ትምህርት ቤቶች ተማረና እ.ኤ.አ. በ1882 ቶኪዮ ውስጥ በአንድ የቡድሃ ቤተ መቅደስ አሥራ ሁለት ምንጣፍ በምታክል ክፍል ኮዶካን የተባለውን የጁዶ ትምህርት ቤት ከፈተ። ያኔ ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበር። የቀደሙት ጁጁትሱዎች ዓይን መውጋት፣ ጣት መስበር፣ ወሳኝ ቦታ መምታትን ያስተምሩ ነበር። እነዚህን ደግሞ በባልንጀራ ላይ በእውነት መሞከር ስለማይቻል ትምህርቱ በአብዛኛው በተስማሙበት ቅደም ተከተል የሚሠራ ነበር፤ አንዱ ያጠቃል፣ ሌላው የተማረውን መልስ ይሰጣል፣ አጥቂው ይወድቃል። ካኖ አደገኞቹን ስልቶች ከነፃው ልምምድ አወጣቸው። የቀሩትን መጣል፣ መያዝ፣ ማነቅና ክንድ መቆለፍን ግን ተማሪዎቹ ራንዶሪ በሚባለው ነፃ ትንቅንቅ በሙሉ ኃይላቸው እንዲሞክሩ ፈቀደ።

ይህ ውሳኔ ምን እንዳመጣ አስቡት። «በጣም አደገኛ ስለሆነ አንሞክረውም» የሚለው ስልት በወረቀት ላይ አስፈሪ ነው፤ የሠራው ሰው ግን በማይስማማ፣ በሚገፋ፣ በሚሸሽ ሰው ላይ አንድም ቀን አልሞከረውም። የካኖ ተማሪ የሚያውቃቸው ስልቶች ጥቂት ናቸው፤ እያንዳንዱን ግን ለመሸነፍ እንቢ ባለ ሰው ላይ ብዙ ሺህ ጊዜ ሞክሯል። እኔ በዚህ ሙያ ከተማርኳቸው ነገሮች ሁሉ ለዚህ የምሰጠውን ያህል ክብደት የምሰጠው የለም። የምትመርጡት ጥበብ ምን ያስተምራል ከማለታችሁ በፊት እንዴት ይለማመዱታል ብላችሁ ጠይቁ።

ስለ ካኖ ሌላ ላክል፤ እኛን የሚነካ ነውና። ዛሬ የታጠቃችሁት ቀበቶና ዳን የምንለው ደረጃ የመጡት ከዚሁ ከጣይ ሰው ቤት ነው። የዳን ደረጃን ለማርሻል አርት ያዋለው ካኖ ነው። እ.ኤ.አ. በ1922 ጊቺን ፉናኮሺ የኦኪናዋን ካራቴ ይዞ ቶኪዮ ሲመጣ ካኖ ወደ ኮዶካን ጋብዞት ጥበቡን እንዲያሳይ አደረገ። ፉናኮሺም በኋላ ከጁዶ የተቀዳውን ነጭ ልብስና የቀበቶ ሥርዓት ለካራቴ ወሰደ፤ የመጀመሪያዎቹን ዳኖች በ1924 ሰጠ። ጃፓን ውስጥ ካራቴ ከተማሩት ኮሪያውያን አንዱ ጄኔራል ቾይ ሆንግ ሂ ነበር። ቴኳንዶ የሚለው ስም በ1955 ሲጸድቅ ከፊት የነበረው እሱ ነው፤ በ1966 ደግሞ ዓለም አቀፉን የቴኳንዶ ፌዴሬሽን (አይቲኤፍን) መሠረተ። ስለዚህ ከቴኳንዶ ወደ ጁዶ የሚሄድ ሰው ወደ ባዕድ አገር አይሄድም፤ ቀበቶው ወደ መጣበት ቤት ነው የሚሄደው።

የእኔ ትውልድ ወደዚህ ሙያ የገባው በቪዲዮ ቤት በር ነው። ብሩስ ሊን፣ ቻክ ኖሪስን አይተን ነው መራገጥ የጀመርነው። ሁለቱም ግን እኛ ያላየነው ሌላ ገጽ ነበራቸው። ብሩስ ሊ ሲያትል ሳለ የመጀመሪያ ተማሪው ጄሲ ግሎቨር የጁዶ ሰው ነበር፤ ሆሊውድ ከገባም በኋላ ጂን ለቤል ከተባለው ጁዶኛና የትግል ሰው ጋር እየሠራ ዕውቀት ተለዋውጧል። «ኢንተር ዘ ድራገን» የተባለውን የ1973 ፊልም መክፈቻ ደግማችሁ እዩት፤ ብሩስ ሊ ተዋናዩን ሳሞ ሁንግን በመጨረሻ የሚያሸንፈው መሬት ላይ ቆልፎ እጅ በማሰጠት ነው። ልጆች ሆነን ያንን ክፍል የምናየው እርግጫው እስኪመጣ እየጠበቅን ነበር። ቻክ ኖሪስም ኮሪያ ውስጥ የአሜሪካ አየር ኃይል ወታደር ሳለ ታንግ ሱ ዶ ተማረ፣ በካራቴ ውድድሮች ስሙ ገነነ። በጎልማሳነቱ ግን የብራዚል ጂዩ ጂትሱን ከታች ጀምሮ ከማቻዶ ወንድማማቾች ዘንድ ጥቁር ቀበቶ አገኘ። ስሙ በዓለም የታወቀ ሰው ጀማሪ ሆኖ ምንጣፍ ላይ ተኝቶ መታነቅን ሲቀበል ለእኛ የሚከብደን ምንድን ነው?

እ.ኤ.አ. ኅዳር 12 ቀን 1993 ዴንቨር ውስጥ የተደረገውን የመጀመሪያውን የዩኤፍሲ የቅይጥ ፍልሚያ ውድድር የምታውቁ ታውቁታላችሁ። አርት ጂመርሰን የተባለው ቦክሰኛ በአንድ እጁ ብቻ ጓንት አጥልቆ ከሮይስ ግሬሲ ጋር ገጠመ። ግሬሲ ጣለው፣ ደረቱ ላይ ወጣ፣ ጂመርሰንም ከዚያ መውጫ እንደሌለው ሲረዳ እጁን ሰጠ። ጂመርሰን ሰነፍ ቦክሰኛ ስለነበረ አይደለም የተሸነፈው፤ ቡጢው የሚሠራበት ቦታ ስለተወሰደበት ነው። ከዚያ ውድድር ብዙ ሰው የተሳሳተ ትምህርት ወሰደ፤ ቡጢና እርግጫ ዋጋ የላቸውም ተባለ። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2015 ሜልቦርን ላይ ሆሊ ሆልም፣ በቦክስና በኪክ ቦክስ ያደገች ሴት፣ በ2008 የቤጂንግ ኦሎምፒክ በጁዶ ነሐስ ያገኘችውን ሮንዳ ራውዚን በሁለተኛው ዙር ጭንቅላቷን በእርግጫ መትታ ጣለቻት። ሆልም ይህን ያደረገችው ጁዶን ንቃ አይደለም። ስትያዝ ምን ማድረግ እንዳለባት ተምራ፣ ተይዛም ተላቅቃ፣ ርቀቷን መልሳ ስላገኘች ነው። እኔ ከትንቅንቅ ጥበብ ለእናንተ የምፈልገው ይህንን ነው፤ እርግጫችሁን እንድትተዉ ሳይሆን እርግጫችሁ የሚሠራበትን ቦታ ማስመለስ እንድትችሉ።

ሌላም ምክንያት አለኝ፤ ወላጆች ይህን አስተውላችሁ ስሙኝ። እ.ኤ.አ. በ1928 ሃሪሰን ማርትላንድ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ጭንቅላታቸውን ደጋግመው የተመቱ ቦክሰኞች ላይ የሚታየውን መንገዳገድ፣ የንግግር መጎተትና የአእምሮ መዳከም በሕክምና መጽሔት ላይ ጻፈ። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ብዙ ጥናቶች ያንኑ አጸኑት። አንድን ሰው ራሱን ስቶ የሚጥለው ምት ብቻ አይደለም የሚጎዳው፤ በየሳምንቱ በስፓሪንግ የሚጠራቀመው ትንንሹ ምትም ይጎዳል። ስለዚህ የምት ጥበብን በሙሉ ኃይል መለማመድ የሚፈልግ ሰው ሁልጊዜ አንድ አጣብቂኝ ውስጥ ነው፤ በእውነት ከተማታ አእምሮው ይከፍላል፣ እየተጠነቀቀ ከተማታ ልምምዱ እውነት አይሆንም። በትንቅንቅ ልምምድ ይህ አጣብቂኝ ይላላል። የታነቀ ሰው ባልንጀራውን መታ መታ ያደርገዋል፣ ባልንጀራውም ይለቀዋል፣ ተነስተው እንደገና ይጀምራሉ። በአርባና በሃምሳ ዓመት ዕድሜም እንዲህ መለማመድ ይቻላል። ስፓሪንግ ማቆም ሲገባው የማርሻል አርት ሕይወቱ ያከተመ ለመሰለው ሰው ይህ ትልቅ በረከት ነው።

ይህን ስል ግን ጁዶ ጉዳት የለውም ማለቴ አይደለም። ጃፓን ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ በነበሩት ሦስት አሥርት ዓመታት ገደማ ከ100 በላይ ተማሪዎች በትምህርት ቤት ጁዶ ሕይወታቸው አልፏል። የብዙዎቹ ምክንያት የራስ ጉዳት ነበር። ከሞቱት መካከል መውደቅን በቅጡ ያልተማሩ ጀማሪዎች ብዙ ናቸው፤ ከኋላ እግርን አጭዶ ወደ ጀርባ የሚጥለው ኦሶቶ ጋሪ የሚባለው ስልትም በተደጋጋሚ ተጠቅሷል። እነዚህ ልጆች የሞቱት በጁዶ አገር፣ መምህር ባለበት፣ ምንጣፍ በተነጠፈበት ቦታ ነው። ይህን ያነሳሁት ላስፈራራችሁ አይደለም። አሰልጣኝ ስትመርጡ ከምንም በፊት የምታዩት ነገር ይህ እንዲሆን ነው፦ ጀማሪን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ምን ያሠራዋል? መልሱ መውደቅ ካልሆነ ልጃችሁን ይዛችሁ ውጡ።

መውደቅ ላይ ትንሽ እንድቆይ ፍቀዱልኝ። እኛ የምት ሰዎች መውደቅን እንደ ሽንፈት ነው የምናየው፤ በውድድር ነጥብ ወይም ማስጠንቀቂያ ያስከትላልና። ስለዚህ ስንወድቅ ሰውነታችን የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እጅን ወደ ኋላ ዘርግቶ መሬቱን መደገፍ። የእጅ አንጓ የሚሰበረው፣ ክርን የሚወልቀው በዚህ ነው። በጁዶ ኡኬሚ የሚባለው የመውደቅ ትምህርት ይህን ልማድ ከሥሩ ይለውጠዋል። አገጭ ወደ ደረት ይሳባል፣ ጭንቅላት መሬቱን እንዳይነካ። ጀርባ ይጎብጣል፣ ትንፋሽ ይወጣል። ክንድ ከትከሻ እስከ መዳፍ በአንድ ጊዜ ምንጣፉን ይመታል፣ የውድቀቱ ኃይል በአንድ አጥንት ላይ ከመሰብሰብ ይልቅ በሰፊ ቦታ ይበተናል። ትምህርቱ የሚጀምረው ተቀምጦ ነው፣ ከዚያ ቁጢጥ ብሎ፣ ከዚያ ቆሞ፣ ከዚያ እየሄዱ፣ በመጨረሻ በሌላ ሰው ተጥሎ። አሰልቺ ነው። ለሳምንታት ከወለሉ ጋር ብቻ የምትጋጩ ይመስላችኋል። ነገር ግን ከማርሻል አርት ሁሉ፣ እርግጫዬን ጨምሮ፣ አንድ ነገር ብቻ ለልጄ ላውርስ ብባል የማወርሰው መውደቅን ነው። በሕይወታችሁ ከሰው ጋር ላትጣሉ ትችላላችሁ። በክረምት ጭቃ ማንሸራተቱ፣ ከደረጃ መውደቁ ግን ለሁላችሁም ይመጣል።

አሁን ከትንቅንቅ ጥበቦች የትኛው የሚለው ይቀራል። የእኔ ፍርድ ይህ ነው፦ ለቡጢና ለእርግጫ ሰው የመጀመሪያው ምርጫ ጁዶ ይሁን፤ ካልተገኘ ትግል፤ ጂዩ ጂትሱ ከእነሱ በኋላ ወይም ጎን ለጎን። ምክንያቴ ጁዶ የሚጀምረው ቆሞ መሆኑ ነው። እናንተ የምትኖሩት ቆማችሁ ነው፤ ስለዚህ ከምታውቁት ወደማታውቁት የሚያሻግረው ድልድይ እዚያ አለ። ኮሌታና እጅጌ ሲያዝ ምን እንደሚሰማ፣ ሚዛን ከመፍረሱ በፊት ምን ምልክት እንደሚሰጥ፣ ወገብ ለወገብ ሲገናኙ ክብደት ወዴት እንደሚሄድ በመጀመሪያው ወር ታያላችሁ።

ጁዶ ግን አንድ ጉድለት አለው፤ ለእርግጫ ሰው ደግሞ ጉድለቱ ትልቅ ነው። ዓለም አቀፉ የጁዶ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2010 በውድድር እግር መያዝን ገደበ፣ በ2013 ጭራሹን ከለከለ። ስለዚህ ብዙ የዘመኑ ጁዶኞች እግር ይዞ የሚገባን ሰው መመከት አይለማመዱም። እርግጫችሁን የሚጨብጠው ሰው ደግሞ የሚይዘው እግር ነው። ይህን ክፍተት የሚሞላው ነፃ ትግል ነው፤ ታጋይ ኑሮው የሌላውን እግር መያዝና የራሱን ማስጣል ነው። ለዚህ ነው ሁለቱን የማጎራብታቸው።

ጂዩ ጂትሱ መሬት ላይ ከጁዶ ይበልጣል። ሚትሱዮ ማዬዳ የተባለው የኮዶካን ሰው እ.ኤ.አ. በ1914 ብራዚል ገብቶ በኋላ ለካርሎስ ግሬሲ ያስተማረው ጥበብ በዚያ አገር ወደ መሬቱ ትንቅንቅ አዘንብሎ አደገ። በተለይ እህቶቼ፣ ይህን ለእናንተ አጥብቄ እናገራለሁ። በክብደት ከሚበልጣችሁ ሰው ጋር በእርግጫ ርቀት ላይ የመቆየት ዕድላችሁ ጠባብ ነው። በእውነተኛ ጥቃት ብዙ ጊዜ አጥቂው የሚያውቁት ሰው ነው፣ ቦታውም ጠባብ ክፍል ነው፣ መጀመሪያውም ምት ሳይሆን መያዝ ነው። ከሥር ሆኖ መተንፈስ፣ ወገብን አሽሽቶ ጉልበትን በመካከል ማስገባት፣ ከዚያ መነሳት፤ እነዚህን በየሳምንቱ በከባድ ሰው ሥር ሆና የተለማመደች ሴት ያ ቀን ቢመጣ ቦታው አዲስ አይሆንባትም። ራሴን የምጠይቀው ለምን ሴት ተማሪዎቻችንን ለዓመታት ከፍ አድርጎ መራገጥን ብቻ እንዳስተማርናቸው ነው። ለእነሱ ከትንቅንቅ ጥበቦች መጀመሪያ ጂዩ ጂትሱን ብትሏቸው አልቃወምም።

አይኪዶን የሚጠይቁኝ አሉ፤ በተለይ ከሐዋሳ የሚመጡ። ምክንያቱም ሐዋሳ ላይ አይኪዶ ሥር ሰድዷል፤ ለዚህም ታላቅ ድርሻ ያላቸው «ሰምና ወርቅ» በተባለው መጽሐፋቸው የምናውቃቸው የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር ዶናልድ ሌቪን ናቸው። እሳቸው በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆነው አይኪዶን አጥብቀው ይሠሩ ነበር፤ የግጭት ንድፈ ሐሳብን ከአይኪዶ ጋር አጣምረው ያስተምሩም ነበር። ኢትዮጵያን የወደደ ሰው ይህን ስጦታ ማምጣቱ ልቤን ይነካዋል። አይኪዶ መውደቅን በሚያምር መንገድ ያስተምራል፣ የሚመጣን ኃይል ሳይጋጩ መቀበልንም። ሁለተኛውን ጥያቄዬን ስጠይቀው ግን አይመልስልኝም፤ በአብዛኛው ቤት ልምምዱ በስምምነት ነው፣ የሚጣለው ሰው አይቃወምም። ስለዚህ ለነፍስም ለሰውነትም ሥሩት፤ ስትያዙ የሚያድናችሁ የመጀመሪያ ትምህርት ግን አታድርጉት።

«ቦክስስ?» ትሉኝ ይሆናል። በወርልድ ቴኳንዶ ሕግ ጭንቅላትን በቡጢ መምታት ክልክል ነው። በዚያ ሕግ ያደገ ሰው እጁን ዝቅ አድርጎ ይቆማል፣ ፊቱ ላይ የሚመጣ ቡጢ አያይም። በዚያ ሕግ ሠልጥኖ ሰለሞን ቱፋ አገራችንን ወክሎ ቶኪዮ ኦሎምፒክ ላይ በ58 ኪሎ ተወዳድሯል፤ የሕጉን ክብር አልቀንስም። ለእናንተ ግን ጥቂት ወራት ቦክስ ሥሩ፤ አገጫችሁን መሸፈን ትማራላችሁ። ይህ የያዛችሁትን ማሟያ ነው። አንድ ምርጫ ብቻ ካላችሁ ጊዜያችሁን ለትንቅንቁ ስጡ።

የመጀመሪያዎቹን ወራት እንዴት እንደምታሳልፉ ልንገራችሁ፤ ብዙ ጥሩ ስፖርተኛ የሚቀረው እዚያ ነው። ጥቁር ቀበቶ የያዘ ሰው ነጭ ቀበቶ ታጥቆ ይገባል። አንድ ቀጭን የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ኮሌታውን ይዞ ይጥለዋል። ይነሳል፣ ይጥለዋል። የምት ሰው ሲያዝ የመጀመሪያ ሥራው ክንዱን ማድረቅ ነው፤ ርቀቱን በጡንቻ መልሶ ሊገዛ ይሞክራል። ትንፋሹን ይይዛል። በሁለት ደቂቃ ውስጥ ክንዱ ይነድዳል፣ ጣቶቹ አይታዘዙም። ጎኑን ሰጥቶ የሚቆመው የቴኳንዶ አቋም ፊት ለፊት ያለውን እግር ለሚይዝ ሰው ያቀርበዋል፣ ጀርባውንም ለማግኘት ግማሽ መንገድ ያሳጥርለታል። ሌላው ልማድ ደግሞ ከዚህ የበለጠ ሥር አለው፤ ምት ካረፈ በኋላ መቆም። ዳኛ ነጥብ ሲሰጥ እንለያያለን። ትንቅንቅ ውስጥ ግን ማንም አይለያችሁም፤ አንዱ ስልት ሲከሽፍ ሁለተኛው የሚጀምረው ከዚያው ከተያዛችሁበት ነው።

ለእነዚህ ወራት ምክሬ አጭር ነው፦ ለማሸነፍ አትሞክሩ፣ ለመተንፈስ ሞክሩ። መያዝን ላላ አድርጉ፣ ተጣሉ፣ የተጣላችሁበትን ጠይቁ። የምታሸንፏቸውን ሳይሆን የሚጥሏችሁን ፈልጋችሁ ሥሩ። ክንዳችሁ መድረቁን የሚተወው አእምሮአችሁ ስለተረዳ አይደለም፤ ደጋግሞ ተጥሎ ምንም እንዳልሆነ ሰውነታችሁ ሲያምን ነው።

ባዶ እጃችሁን እንደማትገቡም እወቁ። ከጁዶ ውብ ስልቶች መካከል ኡቺ ማታና ሃራይ ጎሺ የሚሠሩት በአንድ እግር ቆሞ ነው፤ ጀማሪ ሁሉ ሚዛኑን ሲያጣባቸው የእርግጫ ሰው ሚዛን አብሮት ይመጣል። የወገባችሁ መፍታታት መሬት ላይ ጉልበታችሁን ማንም በማይጠብቀው ቦታ ያስገባል። ከሁሉ በላይ ግን የጊዜ ስሜታችሁ። ደ አሺ ባራይ የሚባል የእግር መጥረግ አለ፤ የሌላው እግር ክብደቱን ሊያሳርፍ ሲል፣ ገና ሳያርፍ፣ ከሥሩ ይጠረጋል። ጁዶኞች ይህን ለማግኘት ዓመታት ይፈጅባቸዋል። እናንተ ግን የሌላውን ሰው ክብደት ከእግር ወደ እግር ሲሻገር ማየትን ለዓመታት ሠርታችሁበታል፤ ለእርግጫ የምትጠብቋት ቅጽበት ያቺው ናት። የቴኳንዶ ተማሪ ይህን ስልት ሲያገኝ ፊቱ ላይ የሚታየውን ደስታ አይቻለሁና ይህን የምናገረው በእርግጠኝነት ነው። የድሮ ልፋቱ ሁሉ በአዲስ ቤት ውስጥ እንደታወቀለት ያኔ ይገባዋል።

ቤት ስትመርጡ ከመመዝገባችሁ በፊት አንድ ሙሉ ልምምድ ተቀምጣችሁ እዩ። እጅ የሰጠ ሰው ወዲያው ይለቀቃል ወይ? ከባዱ ሰው ቀላሉን ሲጥል አብሮት ወርዶ ጭንቅላቱን ይጠብቅለታል ወይ? ትልልቅ ሰዎች፣ ሴቶችና ልጆች አሉ ወይ? የቆዩት ሰዎች ገላቸው ጤና ነው ወይስ ሁሉም ጉልበቱን በፋሻ አስሯል? አሰልጣኙ ራሱ ከተማሪው ጋር ይያያዛል ወይስ ዳር ቆሞ ያዛል? የግድግዳው ላይ ፎቶና ዋንጫ ከእነዚህ ውስጥ አንዱንም አይነግራችሁም። ሁሉንም አሟልቶ የተገኘ ቤት የሚያስተምረው ትግል ቢሆንና እናንተ የፈለጋችሁት ጁዶ ቢሆን ትግሉን ምረጡ። ጥሩ የትግል ቤት ከመጥፎ የጁዶ ቤት እጅግ ይሻላል።

ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ያሉ ዘመዶቻችን በአንድ ሰፈር ውስጥ አማርጠው ሊመዘገቡ ይችላሉ። እኛ ዘንድ ቴኳንዶ በየሰፈሩ ሲኖር የትንቅንቅ ቤት ግን ጥቂት ነው፤ ምንጣፉም ውድ ነው። ይህን አውቃለሁ። ነገር ግን አገራችን ታጋይ አላጣችም። ትግል በባህላዊ ስፖርቶቻችን ውስጥ ሕግና ዳኛ ኖሮት የሚካሄድ ውድድር ነው፤ በገጠር ያደጋችሁ ከብት ስትጠብቁ መስክ ላይ ወገብ ለወገብ ተያይዛችሁ ታግላችኋል። ያንን ዕውቀት ከተማ ስትገቡ፣ ዶቦክ የሚባለውን የቴኳንዶ ልብስ ስትለብሱ፣ እንደ ልጅነት ጨዋታ ተዋችሁት። እግርን ጠልፎ መጣልን፣ ወገብ ይዞ ማንሳትን ከአባቶቹ የተማረ የገጠር ልጅ ክፍላችሁ ውስጥ ካለ ረቡዕ ረቡዕ መምህራችሁ አድርጉት። ለስላሳ ሣር ወይም ወፍራም ፍራሽ ካለ፣ ከመጣሉ በፊት መውደቁ ከተሠራ፣ እስኪከፈት ድረስ የምትጠብቁት ቤት የለም።

ለእናንተ ለአሰልጣኞች ደግሞ አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ዛሬ ከዚህ ሳትወጡ እንድትመልሱልኝ እፈልጋለሁ። ብዙ ክለቦቻችን ውስጥ ተማሪ ሌላ ቤት መሄዱ ሲሰማ ይኮረፋል፣ ከፈተና ይዘገያል፣ ስሙ ይነሳል። ካኖ ፉናኮሺን ወደ ቤቱ ሲጋብዝ የራሱ ተማሪዎች እንዲያዩ ከፊታቸው አቆመው፤ ጁዶ ከዚያ ምንም አልጎደለበትም፣ ካራቴም ቤት አገኘ። እኛም በወር አንድ ቅዳሜ የቴኳንዶ፣ የቦክስ፣ የጁዶና የትግል ሰዎች በአንድ አዳራሽ የምንሠራበት ቀን እንቁረጥ። አዳራሹን በየተራ እናቅርብ፣ ምንጣፍ ያለው ምንጣፉን ያምጣ። ወረቀቱ በር አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ የክለባችሁን ስምና የትኛውን ቅዳሜ እንደምትችሉ ጻፉልኝ። የመጀመሪያውን ወር እኛ እናስተናግዳለን።